ትንፋሽ ባጠረን ቁጥር ኮማ የምንነሰንሰው እስከ መቼ ነው?

ካዛንቺስ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ሪፖርቶችንና ደብዳቤዎችን ማረም ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ኮማ ያንገሸገሸኝ ነገር የለም። ፊደል ቢሳሳት ኮምፒውተሩ በቀይ ያሰምርበታል፣ ቁጥር ቢዛባ ሒሳብ ክፍሉ ይጮኻል፤ ኮማ ያለ ቦታው ሲገባ ግን የሚቆረቁረው ሰው ስለሌለ ስሕተቱ ከረቂቅ ወደ ማኅተም ያለ ከልካይ ያልፋል።

የችግሩ ሥር በትምህርት ቤት የተነገረን «ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ላይ ኮማ አድርጉ» የሚል ምክር ይመስለኛል። የእንግሊዝኛ ኮማ ግን የዓረፍተ ነገሩን አካላት የሚለይ ምልክት ነው። «ኢፍ» ወይም «ቢኮዝ» የሚመራው ጥገኛ ሐረግ ከፊት ሲመጣ ከዋናው ሐሳብ በኮማ ይለያል፤ ከኋላ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አያሻውም። ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ አጣብቆ መሐላቸው «ሃውኤቨር» መሰንቀርማ በየገጹ የማየው ጉድ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደብዳቤ እጄ ገባ። የታሰበው ውል ያላደሱ ሠራተኞች የትራንስፖርት አበል እንደማያገኙ ለመግለጽ ሲሆን፣ ጸሐፊው ግን በእንግሊዝኛው «ሁ» (who) የሚጀምረውን ሐረግ ከፊትና ከኋላ በኮማ አጠረው። ኮማዎቹ ባይኖሩ አበል የሚቀርባቸው ውል ያላደሱት ብቻ ናቸው፤ ኮማዎቹ ሲገቡ ግን ሠራተኛው በሙሉ ውል አላደሰም፣ ሁሉም አበሉን ያጣል ማለት ይሆናል። ይህንን ባስረዳ ያገኘሁት መልስ «አቦ አታካብድ፣ ሰው ይገባዋል» የሚል ነበር።

ይገባዋል? በአሜሪካ የሜይን ግዛት የወተት ማከፋፈያ መኪና ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቀው የተሟገቱት፣ ክፍያው የማይመለከታቸውን ሥራዎች በሚዘረዝረው ሕግ ውስጥ «ኦር» ከሚለው ቃል በፊት ኮማ ባለመኖሩ ነው። ሕጉ የሚለው ማሸግንና ማከፋፈልን ለየብቻ ነው ወይስ ለጭነት ወይም ለሥርጭት ማሸግን ብቻ? ማሸግን ብቻ ከሆነ የሚያከፋፍሉት ሾፌሮች ክፍያው ይገባቸዋል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሾፌሮቹ ወሰነ፤ ኩባንያውም በቀጣዩ ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የኮለን (የእንግሊዝኛው «:» ምልክት) ብሶት ደግሞ ለብቻው ነው። በአማርኛ «የጥናቱ ዓላማዎች የሚከተሉት ናቸው» ብለን ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ስናደርግ ማሰሪያ አንቀጹ ቀድሞ ስለገባ ዓረፍተ ነገሩ ሞልቷል። በእንግሊዝኛ «ዚ ኦብጀክቲቭስ አር» ብሎ ኮለን መደንቀር ግን ግሡን ከማሟያው መቁረጥ ነው፤ በመደበኛ ጽሑፍ ከኮለን በፊት ያለው ክፍል ራሱን ችሎ መቆም ይኖርበታል። ከ«ኢንክሉዲንግ» እና ከ«ሳች አዝ» በኋላም አይገባም። አራት ኪሎ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲተየብ ቆሞ ያየ ሰው ስሕተቱ የማይጠፋበትን ምክንያት ያውቀዋል፦ አምና የተመረቀው ልጅ ጽሑፍ እንደ ሞዴል ይከፈታል፣ ርእሱና ስሙ ይቀየራል፣ ኮለኑ ባለበት ይወረሳል። (አማካሪውም ቢሆን በዚያው መንገድ ያለፈ ነው።)

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩትን ኮማ ኃላፊው መልሶ አስገብቶ «አሁን አማረበት» እያለ ሲፈርም ማየት ነው።