ለግሩፓችን ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን የኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ ታሪክ ሠርቷል። አንዲት ጎረቤታችን ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ጣል አደረገች። «ስልኬ ቻርጅ አልቀበል አለኝ። 11 ፐርሰንት ነው የቀረኝ። ምን ላድርግ?» ይኸው ነው። ጠዋት ስንነሳ ከ200 በላይ ያልተነበበ መልእክት ጠበቀን። እኔ ውሃ የመጣ መስሎኝ ነበር።

እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ግሩፕ እንዳለ አውቃለሁ። የዕድር ይሁን የወላጆች ኮሚቴ፣ የድሮ የክፍል ጓደኞች ይሁን ዲሲ ያሉ ዘመዶች የከፈቱት፣ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ ሲደክሙ አንድም ቀን «እግዜር ይስጥልን» ያላቸው የለም። ነውር ነው። ዛሬ እኔ ላመስግናቸው።

መጀመሪያ የሰላምታ ዘበኛው ይመስገን። ጥያቄው ገና ከመድረሱ «ሰላምታ ይቀድማል!!!» ብሎ ከተፍ አለ። እሱ ራሱ ሰላም አላለም። ዘበኛ ሥራ ላይ እያለ ሰላም አይልም፤ ደንቡ ነው። ልጅቷ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ እንደምን አመሻችሁ» አለች። እንግዲህ በወጉ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ «አንቺስ እንዴት አመሸሽ» አለ። አንዱ አበባ ላከ። አንዱ ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ፣ «መልካም ቀን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ላከ። በጨለማ። ሰላምታው ሲያልቅ ልጅቷ 9 ፐርሰንት ላይ ነበረች።

ከዚያ «የምን ስልክ ነው?» ባዩ መጣ። ይህ ሰው የሚጠይቀው ለማወቅ አይደለም፤ ሰልፍ ለማስያዝ ነው። ልጅቷ የዋህ ናትና መለሰች። የአይፎን ሰዎችም የሳምሰንግ ሰዎችም ከቁጥር የማያስገቡት ስልክ ሆኖ ተገኘ። ለአፍታ ሁለቱ ወገኖች አንድ ሆነው አዘኑላት። «ቀይሪው» አሏት። የምትቀይርበትን ብር የሚልክ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወደ ራሳቸው ጦርነት ተመለሱ። ካሜራ ተነሳ። የሁለተኛ እጅ ዋጋ ተነሳ። አንዱ «አይፎን የገዛ ሰው ዕድሜውን ቻርጀር ሲለምን ይኖራል» አለ። ሌላው «ድሮ ቀረ! ከአይፎን 15 ጀምሮ ታይፕ ሲ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ታይፕ ሲ የሌሎቹም ስልኮች የቻርጀር ጫፍ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ከዓመታት ንትርክ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ ስልክ ሁሉ በታይፕ ሲ ቻርጅ እንዲደረግ በሕግ አስገድዶ ነገሩን ዘግቶታል። 27 አገር ተስማምቷል። የእኛ ብሎክ ግን አልተስማማም። 7 ፐርሰንት።

የባትሪ ሊቁ የገባው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ልዩ ነው። የሚናገረውን የማያውቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተረጋግቶ የማያውቅ ግን አላየሁም። «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ብሎ ጀመረ። «ስልኩን የገዛሽ ዕለት 8 ሰዓት ቻርጅ አላደረግሽውም።» ቀጠለ፤ «ሁልጊዜ ዜሮ እስኪገባ ካልጠበቅሽ ባትሪው ይለምዳል።» ይህ ምክር በድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ጊዜ ትንሽ ወግ ነበረው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ነው። ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 1991 ነው። እሱን ደጋግሞ ዜሮ ማስገባት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ይህን ባትሪ ለዓለም ያበረከቱት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። የእኛ ሊቅ ያኔ ለምን እንደተዘለለ አልገባኝም። ምናልባት ኮሚቴው ግሩፓችን ውስጥ ስለሌለ ይሆናል።

ከሊቁ ሥር ደቀ መዛሙርቱ ተሰለፉ። አንዱ «ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው» አለ። አንዱ «ሩዝ ውስጥ ቅበሪው» አለ። ሩዙ ውሃ ለገባበት ስልክ የሚታዘዝ የሰፈር መድኃኒት ነው፤ ይህኛው ስልክ ውሃ አልነካውም። ግድ የለም፣ መድኃኒት መድኃኒት ነው። ሌላው ደግሞ «የ5ጂ ጨረር ነው» አለና ጠፋ። ያን ካለ በኋላ አልተመለሰም። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ተናግረው ይሄዳሉ።

ከዚያ የአንድ አባባ የድምፅ መልእክት መጣ። 4 ደቂቃ ተኩል። ከፈትኩት። መጀመሪያ ትንፋሽ። ከዚያ «ሄሎ... ሄሎ... ይሰማል?»። የሚመልስላቸው እንደሌለ ሲገባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከኋላ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። አባባ ስለ ድሮ ስልክ ጀመሩ። የቤት ስልክ፣ በጣት የሚዞረው፣ ቻርጅ የማይፈልገው። ከዚያ ስለ ዘንድሮ ልጆች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ፤ ከነስልኩ። በስተመጨረሻ «ለማንኛውም በውስጥ መስመር አናግሪኝ» አሉ። እኔም እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። 5 ፐርሰንት።

ይኸኔ ነው የሥርዓት አስከባሪው የነቃው። «ይህ ግሩፕ የተከፈተው ለውሃና ለጽዳት ጉዳይ ነው።» ልክ ነው። እሱ ራሱ ባለፈው ሳምንት የሚሸጥ መኪና ፎቶ በአሥራ ስድስት ምስል ልኳል፤ መኪናው መታጠብ ስላለበት የጽዳት ጉዳይ ነው። አስከባሪው ሌላም ጥበብ አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መልእክት አይጽፍም። «እባካችሁ።» ቲንግ። «ግሩፑን።» ቲንግ። «አታጨናንቁ።» ቲንግ። «ሰው።» ቲንግ። «ተኝቷል።» ቲንግ። የተኛው ሁሉ ተነሳ።

ከተነሱት አንዷ የፕሮፋይል ፎቷቸው ጽጌረዳ የሆነ ሰው ናቸው። «ልጆች፣ ለሷ መልስ ስጧት እንጂ» ብለው ጻፉ። በዚያ ሌሊት የተጻፈ ብቸኛው ቁም ነገር ይህ ነበር። አንዱ ጎረምሳ «አንተ ደሞ ማን ጠራህ?» አላቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አማርኛችን ደግሞ ፆታና ዕድሜ ሳይጠይቅ አንድ ግስ አያስወጣም፤ ጽጌረዳ ደግሞ መታወቂያ የላትም። ልጃቸው ገባ። «እናቴን አንተ?» አለ። ጎረምሳው «ፎቷቸውን ይቀይሩ» አለ። አንድ ሽማግሌ ለዕርቅ ገቡና ሁለቱንም «እናንት ባለጌዎች» ብለው አስታረቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ የተወራው ስለ አስተዳደግ ነው። ቻርጀር የሚል ቃል እንኳ አልተነሳም።

ፈረንጅም ቢሆን ከእኛ አይሻልም። ቪአይና ኢማክስ የሚባሉ ሁለት የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለቱም በፈረንጆቹ 1976 የተወለዱ ናቸው። የኮምፒውተር ሰዎች «የቱ ይሻላል» እያሉ ለአሥርተ ዓመታት ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ነገሩ ሲመራቸው በ1995 አርኤፍሲ 1855 የሚባል የኢንተርኔት የሥነ ምግባር መመሪያ አወጡ። መመሪያው አዲስ ገቢ ሰው አንድ ቃል ከመጻፉ በፊት አንድ ሁለት ወር ዝም ብሎ ያንብብ ይላል። በስሜት የተጻፈ መልስ ሳይላክ አንድ ሌሊት ይደር ይላል። እኛ ጋ ሌሊት የሚያድረው ስድቡ ሳይሆን ተሰዳቢው ነው። ደግሞ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ መጻፍ እንደ ጩኸት ይቆጠራል ይላል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ክስ ነፃ ነን። ጩኸቱን በቃለ አጋኖ አካክሰነዋል። ዘበኛው ብቻውን በዚያች ማታ የጨረሰው ቃለ አጋኖ ለአንድ ልብ ወለድ ይበቃል።

ልጅቷ በመጨረሻ «3 ፐርሰንት ቀረኝ፣ እባካችሁ የሚያውቅ ካለ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጠፋች። ስልኩ ሞተ። አሁን ነው ግሩፑ እውነተኛ ቁጣ ያየው። «ጠይቃ መልስ አትሰጥም እንዴ?» አለ ሊቁ። «ይሄ ንቀት ነው!!!» አለ ዘበኛው። «እኛ እዚህ እንቅልፍ አጥተን!» አለ የመኪናው ሰው፤ ይህን እንኳ በሦስት መልእክት። አንዷ «ቢያንስ አመሰግናለሁ ማለት ያባት ነው» አለች። ማንም ሰው ሁለት ፎቅ ወርዶ በሯን አላንኳኳም። ከእኛ ጋር ስትነጋገር የነበረችው በግድግዳ ማዶ ነው።

አድሚኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ይህን ሁሉ አየ። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው መያዝ ይችላል፤ ለእኛ አድሚን ግን ሰማንያ ሰው በዝቶበታል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ሲነካካ አንድ ሰው በሰዓት አንድ መልእክት ብቻ እንዲልክ የሚያደርገውን ቁልፍ አገኘ። ተጫነው። ውጤቱ ግሩም ነው። ድሮ ስድብ ይመጣ የነበረው ቁርጥራጭ ሆኖ ነበር። አሁን ሰው አንድ ሰዓት አስቦበት፣ በአንቀጽ ከፋፍሎ፣ አርሞ ይልካል። የአማርኛ አጻጻፋችን እንዲህ ያደገበት ጊዜ የለም።

ስልኩስ? ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የጎረቤት ልጅ አየው። አጠፋው። የቻርጀሩን ቀዳዳ በእጅ ባትሪ አበራበት። በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብሎ ሲፈለፍል የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ወጣ። ቻርጀሩ እስከ ጥግ ገባ። ሠራ። ልጁ ግሩፑ ውስጥ የለም። ለቁም ነገር ዕድሜው አልደረሰም ብለን አላስገባነውም።

እስካሁን ስቄ ነው የጻፍኩት። የሚከተለው ግን አያስቅም። በሌላ ግሩፕ፣ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ከባንክ ነኝ የሚል ሰው ደውሎ ስልኬ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ እያለኝ ነው። ልስጠው?» ሰውየው መስመር ላይ ነው። የመጀመሪያው መልስ፦ «ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ ወጥታችሁ አንብቡ፤ ይሄ መቶ ጊዜ ተብሏል።» ሁለተኛው በሳቅ የሚያለቅስ ፊት። ሦስተኛው «ባንክ» የሚለውን ቃል የተሳሳተ ፊደል ሊያርም ገባ። «አይስጡ» ለማለት አራት ፊደል ይበቃል። አራት! መቶ ጊዜ የተባለውን መቶ አንደኛ ጊዜ መድገም ምን ያጎድላችኋል? ወደ ላይ ወጥተው የሚያነቡት አንድ እጃቸው ላይ ሌባ ይዘው ነው? ሰጡት። ገንዘቡ ሄደ። ከሄደ በኋላ ግን መልስ ሰጪው እንደ ጎርፍ መጣ። «እንዴት በዚህ ዘመን እንዲህ ትታለላላችሁ» ተባለ። ረጃጅም ማብራሪያ ተጻፈ፣ ሊንክ ተለጠፈ፣ ቪዲዮ ተላከ። ያኔ ሁሉም ያውቅ ነበር። እንግዲህ ያውቁ ከነበረ ጨዋነታቸው ምን ላይ ነው? ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ እዚያ ግሩፕ አንድ ነገር ጠይቀው አያውቁም። ብዙ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ዝም ብለዋል። ዝምታቸውን ደግሞ «አሁን ግሩፑ ሥርዓት ያዘ» ብለው የሚያወድሱ አሉ።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ፤ አንድ ሰው ቀርቶኛል። ተሰናባቹ። እሱን ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ነው። ንትርኩ ሲጋጋል ጠብቆ ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል። «ለውድ የግሩፑ አባላት» ይላል። የደከመበትን ይዘረዝራል፤ ከአሥር ዓመት በፊት አምፖል መቀየሩንም አይረሳም። «ክብር በሌለበት መቆየት ስለማልችል ዛሬ በታላቅ ሐዘን ተሰናብቻለሁ» ይላል። ከዚያ አይወጣም። መልስ ይጠብቃል። ማንም «ተው አትሂድ» ሳይለው ሩብ ሰዓት ያልፋል። በሌላ ሰው መልእክት ላይ አውራ ጣት ያስቀምጣል፤ ገና እንዳልሄደ እንዲታወቅ። አሁንም ዝም። እልህ ይይዘውና እውነትም ይወጣል። ከዚያ በባለቤቱ ስልክ ገብቶ ስንት ሰው እንዳዘነለት ይቆጥራል። ሁለት አውራ ጣት አለ። ከሥሩ ደግሞ የአድሚኑ መልእክት፦ «የወጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት የጽዳት መዋጮ ይክፈል።»