ቪዲዮው የድሬን ሙቀት አያውቅም

ባለፈው ግንቦት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር፤ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራይታለች። በዚያ ሰዓት ሲደወል ሰው ደህና ነገር አያስብም። ልቤ ዱብ አለ።

“አክስቴ፣ ቡሆዬ ፈነዳ” አለችኝ። ድምጿ የለቅሶ ነበር።

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የፕላስቲክ ባልዲው ክዳን ጥግ ላይ ወድቋል። ሊጡ ከባልዲው ገንፍሎ፣ በጠረጴዛው እግር ወርዶ፣ ወለሉ ላይ እስከ በሩ ድረስ ተኝቷል። ሽታው ገና ከደጅ ይቀበላል። ከተረፈው በጣቴ ቀመስኩ። ጥርስ ያጠርሳል። 5 ኪሎ ነጭ ጤፍ ነው። ዛሬ 5 ኪሎ ነጭ ጤፍ መድፋት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም።

“ስንት ቀን አቆየሽው?”

“3 ቀን። ቪዲዮው ላይ 3 ቀን ነው የሚለው።”

“ክዳኑንስ ለምን ገጥመሽ ዘጋሽው?”

“ዝንብ እንዳይገባ።”

አልተቆጣኋትም። ቪዲዮውን ደግማ ደጋግማ አይታ፣ ዱቄቱን ለክታ፣ የተባለችውን አንድ ሳታጎድል ነው ያደረገችው። አዲስ አበባ ብትሆን ኖሮ ያን ጠዋት ጥሩ እንጀራ ትጋግር ነበር። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ቪዲዮውን የሠሩት የት ከተማ ሆነው እንደሚያቦኩ አልነገሯትም። እኛም የድሬ ሰዎች ሊጣችን ለምን እንደሚለይ ቁጭ ብለን አላስረዳናትም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው ልማድ ሁሉ አንድ ቀን የሆነ ችግር ገጥሞት የመጣ ነው። ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ገበያው ያመጣው ችግር። ልማዱን ለልጆቻችን አውርሰናል፣ ችግሩን ግን አልነገርናቸውም። ስለዚህ ልጆቹ አዲስ ዕቃ ወይም አዲስ ቪዲዮ ሲያገኙ የትኛውን ልማድ መጣል እንደሚችሉ፣ የትኛውን መያዝ እንዳለባቸው አያውቁም።

እንጀራውን እንውሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ። በግንቦትና በሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱም እፎይ አያሰኝም። እርሾ ማለት ደግሞ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። አንዳንዶቹ አየር እያወጡ ሊጡን ያነሱታል፤ ሌሎቹ አሲድ እያወጡ ያኮመጥጡታል። ሁሉም ሙቀት ይወዳሉ። አዲስ አበባ ላይ በ3 ቀን የሚያልቀው ሥራ እኔ ቤት በግንቦት በአንድ ቀን ተኩል ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሊጡ መኮምጠጥ ብቻ ነው የሚቀረው። አየሩም መውጫ ይፈልጋል። ክዳኑን ገጥመው ከዘጉት ክዳኑን ይዞት ይነሳል።

እናቴ ቡሆ ዕቃዋን የምትሸፍነው በሳሳ የነጠላ ቁራጭ ነበር። ለምን ስትባል “ዓይን እንዳይበላው” ትል ነበር። ሌላ ምክንያት ነግራኝ አታውቅም። ያ ጨርቅ ግን ዝንቡንና አቧራውን ከልክሎ አየሩን ያስወጣ ነበር። ባልዲ ከነክዳኑ ገበያ ሲመጣ ጨርቁን ጣልነው። ዓይን የሚፈራ ሰው ስለቀነሰ ጨርቁም የማያስፈልግ መሰለን።

ሌላም ታደርግ የነበረው አለ። በበጋ የእርሾውን መጠን ግማሽ ታደርገዋለች። የምታቦካው ማታ ነው፣ በእንስራ በቀዘቀዘ ውሃ። ቡሆ ዕቃውን ሲሚንቶው ወለል ላይ አስቀምጣ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች። ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ሊጡ ይቀዘቅዛል፤ ዛሬም ፍሪጅ የሌለው ሰው ቢያደርገው ይጠቀማል። በላዩ የሚያጠልለውን ቢጫ ውሃ በየቀኑ ትደፋና ንጹህ ውሃ ትተካለች። የሚያኮመጥጠው አብዛኛው ነገር እዚያ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። የእህቴ ልጅ ያን ውሃ አንድም ቀን አልነካችውም።

አብሲቱም እንዲሁ። ብዙ ወጣቶች “ጊዜ ይፈጃል” ብለው አብሲት መጣል ትተዋል። ከዚያ እንጀራው ዓይን አጣ፣ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ ይላሉ። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም። ከሊጡ ትንሽ ቀንሰን በውሃ አቅጥነን ስናፈላው ይወፍርና እንደ ሙጫ ይሆናል። ያንን መልሰን ስንጨምረው ሊጡ አየሩን አቅፎ ይይዛል። የእንጀራ ዓይን ከዚያ ይመጣል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ድሬ ላይ አብሲት ጥለው ገበያ አይሄዱም። በሙቀቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይነሳል፤ ሳይወርድ መጋገር አለበት።

የሶማሌ ጎረቤቶቻችን አንጀሮ ማታ ተቦክቶ ጠዋት ከሻይ ጋር የሚበላ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ። የሐረርጌ ገበሬ ደግሞ ከጤፍ ይልቅ ማሽላውን ይዞ ኖሯል። እነዚህ ልማዶች የቆላ ሰው ከሙቀቱ ጋር ተስማምቶ ያመጣቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። ድሬ ላይ ጤፍ ለምናቦካ ሰዎች ጥሩ አስተማሪ የሚሆኑን እነሱ ነበሩ። ከግድግዳ ወዲያ ማዶ ናቸው፤ አልጠየቅናቸውም።

ውሃችንስ? ይህ ለዓመታት ያስቸገረኝ ነገር ነው። ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ሐረር 94 አካባቢ፣ ድሬ 96 አካባቢ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። ስለዚህ የፉል ባቄላ ድሬ ላይ ከአዲስ አበባ ቀድሞ መብሰል ነበረበት። አይበስልም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንተክትኮ ሲነክሱት ልቡ ጠጠር ነው። እኔ ባቄላውን ስረግም፣ ነጋዴውን ስጠረጥር ኖርኩ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ደንበኛ የቀየርኩት ስንት ጊዜ ነው።

መልሱ ምድጃዬ ላይ ነበር። የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ይመልከት። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። የምንጠጣው ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ካልሲየም ይበዛበታል። ያ ካልሲየም ከባቄላው ቆዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይላላ አጥብቆ ይይዘዋል። ከፍታው የሰጠንን ውሃው ወሰደብን።

ይህን ያሳየችኝ ሐረሪዋ ጎረቤቴ ናት። ውሃውን ቀድማ አፍልታ ታቀዘቅዘዋለች። ነጩ ሲዘቅጥ ከላይ ቀስ አድርጋ ትቀዳና ባቄላውን በዚያ ትዘፈዝፈዋለች። ጫፍ የምታህል የምግብ ሶዳ ጣል ታደርጋለች። ጠዋት ያን ውሃ ደፍታ በሌላ የፈላ ውሃ ትቀቅለዋለች። ቲማቲምና ሎሚ ባቄላው ሳይለሰልስ ድስቱን አያዩም፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ባቄላው እልህ ይይዛል። ማንቆርቆሪያውን ደግሞ በሎሚ ውሃ አፍልታ ታሳድረዋለች፤ ቅርፊቱ ጠዋት በእጅ ይነሳል። “ተይ አቦ፣ ባቄላው ምን አደረገሽ?” ነበር ያለችኝ፣ ነጋዴውን ስወቅስ ሰምታ።

አሁን የምጽፈው እስካሁን የሚያመኝ ነገር ነው። የቤታችን ሕግ “ወጥ ጠዋት ማታ ይፈላል” የሚል ነው። በዚህ ሙቀት ዶሮ ወጥ ሳይንተከተክ አያድርም። ጥሩ ሕግ ነው፤ ዘመድ አዝማድ በመጣበት በዓል ሁሉ ታድጎናል። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ሕጉን ለሩዝም አደረግሁት። አንድ የድግስ ማግስት፣ ምድጃ ላይ ያደረ አንድ ድስት ሩዝ በደንብ አሙቄ ለልጆች አቀረብኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አራት ልጆች ተራ በተራ ማስመለስ ጀመሩ። ትንሹ 4 ዓመቱ ነበር። ያን ሌሊት ጨውና ስኳር በውሃ እያጠጣሁ እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሩዝ ውስጥ በመቀቀል የማይሞት የባክቴሪያ ዘር አለ። ሩዙ በሞቃት ቦታ ሲያድር ያ ዘር ይነቃና መርዝ ይሠራል። መርዙን እሳት አያጠፋውም። ደግሞ ማፍላት ዋጋ የለውም። ሩዝ እንደበሰለ የሚበላው ተበልቶ የተረፈው በሰፊ ዕቃ ተዘርግቶ ቶሎ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ። ቤቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። መብራት ከሄደና ፍሪጁ ከሞቀ ለራሳችሁ ስትሉ ድፉት።

ሩዝ ለኛ ቤት እንግዳ ነው፤ ለዚህም ነው ሕግ ያልነበረን። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልተመቸው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ ከተማዋ እዚያው ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መስመር የመኖች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ጣሊያኖች መጡ፤ ድስታቸውንም ይዘው ነው የመጡት። ሳምቡሳው፣ ፈጢራው፣ ፓስታው፣ ሐልዋው የኛ ሆነ። ምግቡን ወሰድን። ምግቡን ይዘው ከመጡት ሰዎች ጥንቃቄውን አልወሰድንም።

ሐረር በዚህ ትሻላለች። በዓሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። ልማዱ ከየት መጣ ብትሏቸው ሽማግሌውም ልጁም ታሪኩን ያውቁታል፤ በአንድ የረሃብ ዘመን ጅብ ሰው ላይ ስለበረታ፣ ገንፎ ሰጥተው ታረቁ ይባላል። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲንም እንዲሁ፤ የቡናው ፍሬ ለገበያ ሲወጣ ቅጠሉ ለቤት እንደቀረ ይነግሯችኋል። ገንፎው ከነታሪኩ፣ ቅጠሉ ከነምክንያቱ ነው የሚወረሰው። የኔ እናት ጨርቅ ግን ያለ ምክንያቱ ቀረ፣ ከዚያም ጨርቁ ራሱ ቀረ።

የምግብ ቪዲዮ ለምትሠሩ ልጆች አንድ ልመና አለኝ። ሥራችሁን እወዳለሁ፤ ስንት ወንድ ልጅ በእናንተ ምክንያት ወጥ ቤት ገብቷል። ግን የት ከተማ እንደሆናችሁ ንገሩን። “3 ቀን” ከማለት ሊጡ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አሳዩን፤ ፊቱ ላይ አረፋው ሲበዛ፣ ቢጫው ውሃ ሲያጠል፣ ሽታው ሲለወጥ። ቅቤ ስታነጥሩ “20 ደቂቃ” አትበሉ። ቅቤው ሲንጣጣ ውሃ አለው ማለት ነው፤ ዝም ሲል ውሃው አልቋል። ድምፁን አሰሙን። የድሬ የኤፍ ኤም ጣቢያዎችም በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለከተማዋ እናቶች ቢሰጡ ሰሚ አያጡም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚናገሩ ሁሉ በየድስታቸው የሚነግሩን አላቸው።

የእህቴ ልጅ ያን ጠዋት ወለሉን አብረን አጥበን ስንጨርስ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። በ1 ኪሎ ዱቄት እንደገና አቦካን። ግራ ገጹ ላይ የምናደርገውን፣ ቀኝ ገጹ ላይ ለምን እንደምናደርገው ጻፈች። ሲነሳ ምጣዱ ጋ ደረስን። ጨርቅ ላይ የጎመን ዘር አድርጌ ሳሸው እጄን ያዘችኝ።

“አክስቴ፣ ይሄስ ለምንድነው?”

ዘይቱ ሲቃጠል ሸክላው ላይ ስስ ጠንካራ ሽፋን እንደሚሆን፣ የሸክላውን ቀዳዳ ደፍኖ ሊጡ እንዳይጣበቅ እንደሚያደርግ ነገርኳት። ቀኝ ገጹ ላይ ጻፈችው። ከዚያ የመጀመሪያውን እንጀራ አሰፋችና አክንባሎውን ከደነች።