እንኳን ማርያም ማረቻት! ስንት አላችሁ?

መቼም በሰሜን ሸዋ ባዶ እጅን ሰው ቤት አይኬድም። ለቅሶ ቢሆን ንፍሮ፣ አራስ ጥየቃ ቢሆን የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይያዛል። ታዲያ ማዋለጃ ክፍል ምን በደለና ነው እጅ እያወዛወዙ የሚገባበት?

መንግሥት ይህን ወግ ዘነጋና በጤና ተቋሞቹ ወሊድን ነጻ አደረገው። ክትትሉ ነጻ፣ ማዋለዱ ነጻ፣ አምቡላንሱ ሳይቀር ነጻ። ጥር በመጣ ቁጥር የጤናማ እናትነት ወር ነው እያለ በድምፅ ማጉያ ያስታውሰናል። ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም! ደግነቱ እኛና አንዳንድ ጎበዝ ሠራተኞች ሆነን የጎደለውን ክብር መልሰንለታል።

አሠራሩን ሳላደንቅ አላልፍም። በሌላ መሥሪያ ቤት ‹‹ሲስተም የለም›› ይባላል፤ እዚህ ሲስተሙ ጠፍቶ አያውቅም፣ ሌሊትም እሑድም ይሠራል። ጥበቃው ‹‹አስታማሚ አይገባም›› ሲል ደንብ እየነገራችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሰላምታ ነው። ‹‹አልጋ የለም›› የተባለው አልጋ፣ አንድ የታጠፈ ብር እጅ ከቀየረ በኋላ ከየት ተፈልጎ እንደሚመጣ እስካሁን የደረሰበት የለም። ‹‹እንኳን ማርያም ማረቻት›› ብላ ቆማ የምትቀረዋን ሠራተኛም አትርሱ። ለወንድ ልጅ እልልታው እንደሚበረክት ሁሉ የምሥራቹም ከፍ ይላል። ምጡ የበረታባት እናት ‹‹ማርያም፣ ማርያም›› ስትል፣ ባል በበኩሉ ኪሱን እየዳበሰ ነው። ሥራ ተከፋፍለዋል።

ቴሌብር ግን አይመከርም፣ ስም ይመዘግባል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ደግሞ ተቀባይን ብቻ ሳይሆን ሰጪንም ይቀጣል። ስለዚህ ጥሬ ብር፣ እሱም በሕክምና ካርዱ ውስጥ።

ይህን የመሰለ ሥርዓት የሚያፈርሱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። ከመንዝ በኩል ምጥ የያዛት ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት፣ በአንዲት ወጣት አዋላጅ የደረሰባቸውን ሰምቻለሁ። ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲያቀርቡላት ‹‹እማማ፣ ይሄኮ ሥራዬ ነው። ለልጅዎ ሾርባ ይግዙላት›› አለቻቸው።

‹‹ምነው ልጄ፣ አነሰ?››

‹‹ኧረ አላነሰም! አልቀበልም ነው የምልዎት።››

ቤተሰቡ በድንጋጤ ደርቆ ቀረ። እምቢ ካለች ከወዲያኛው አልጋ የበለጠ ተቀብላለች ማለት ነው። አጎት ተጠራ፤ ብሩ እጥፍ ሆነ። አሁንም እምቢ። ‹‹ይቺማ ቂም ይዛብናለች›› ተባለ፤ በስንት ልመና አንድ የወረዳ ሹም የሚያውቅ የአክስት ልጅ ተፈልጎ ስልክ ተደወለ። ልጅቷ ይህ ሁሉ ሲሆን ጓንቷን አጥልቃ ሥራዋ ላይ ናት፤ ሊነጋጋ ሲል ሕፃኑን በሰላም ተቀበለች። ምስጋናው ለማን እንደሄደ መገመት አያቅታችሁም፦ ለአክስት ልጅ። ‹‹እሱ ባይደውል ኖሮ ምን ይውጠን ነበር!›› እያሉ ይኸው እስከ ክርስትናው አወሩለት። አዋላጇን ‹‹ፊቷ የማይፈታ›› ብለዋታል።

ሌላው ምስጋና የሚገባው መንግሥታችን ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ ሰምተን ነበር። ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ምን አመጣው? ጭማሪውን ወላዷ ትክፈለው! በጀት አይጠይቅም፣ በምክር ቤት ይጽደቅ አይልም፣ የመንዝ በግ ተሽጦ ያልቃል። ሳይቀበሉ በዚያችው ደመወዝ ሌሊቱን የሚያነጉት ባለሙያዎችስ? እነሱ በራሳቸው ፈቃድ ነው የተጎዱት፤ ማን ያዛቸው።

አራሷ ቤቷ ገብታ ገንፎው ሲገነፋ ነገሩ ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ እሱም ቀበሌ ያስኬዳል። መዝጋቢው ገና ከመቀመጣችሁ ‹‹የት ነው የተወለደው?›› ብሎ ከጠየቃችሁ ለፎርሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ስንት እንደሰጣችሁ እየገመተ ነው።