ዓሣ ነባሪው ስንት ሳምንት ይብላ?

አንድ ሴሚስተር 15 ሳምንት ነው ይባላል። ይባል እንጂ! የመጀመሪያው ሳምንት ኮርስ አውትላይን ሲታደልና ተማሪው ኮርስ ሲቀያይር ያልቃል። አንዱን ሚድ ይወስደዋል። አሜሪካኖቹ የምስጋና በዓላቸውን የሚያከብሩበት የኅዳር ሳምንት ሻንጣ ሲሸከፍ ያልፋል፤ የመጨረሻው ደግሞ ለክለሳ ነው። ተቀናንሶ የሚተርፈው 11 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 75 ደቂቃ። እንግዲህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ በሙሉ በዚህች መሶብ ላይ ነው የሚቀርበው።

መሶቡ ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ ስለሆነ የመምህሩ ዋና ሙያ መሰረዝ ነው። ደግሶ የሚያውቅ ሰው ጣጣው ይገባዋል። ደራሲው ሆውቶርን ተጠርቶ ደራሲዋ ስቶው ብትቀር ቅሬታ አለ፤ የእሷ «የአጎት ቶም ጎጆ» እ.ኤ.አ. በ1852 በመጽሐፍ መልክ ወጥቶ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 300,000 ቅጂ ያህል ተሽጧል። ግን 45 ምዕራፍ ነው። ስለዚህ «የተመረጡ ክፍሎች» ተብሎ ፎቶ ኮፒው ይታደልና ስቶው እንደ ሩቅ ዘመድ በር አካባቢ ትቀመጣለች። የክብር ወንበሩን የሚይዘው ሜልቪል ነው፤ በሕይወት ሳለ መጽሐፉ ገበያ አላገኝ ብሎት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ 19 ዓመት የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ የኖረው፣ በ1891 ሲሞትም ብዙ ሰው ረስቶት የነበረው ሰውዬ።

የዓሣ ነባሪ አዳኞች ታሪክ የሆነው የሱ «ሞቢ ዲክ» 135 ምዕራፍና አንዲት ማሳረጊያ አለው። ሦስት ሳምንት ሲመደብለት ለአንድ ክፍለ ጊዜ 22 ወይም 23 ምዕራፍ ይደርሳል። ከሁለት ሳምንት በታች ከሆነ ባይነካ ይሻላል። ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ ብዙዎቹ ምዕራፎች አጫጭር ናቸው፤ ተማሪው የሚሰጥመው በርዝመቱ ሳይሆን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ 32ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። እዚያ ታሪኩ ቀጥ ይልና ተራኪው ዓሣ ነባሪዎችን እንደ መጻሕፍት በጥራዛቸው መጠን መመደብ ይጀምራል። መድኃኒቱ ምዕራፉን ማዘለል አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ሰውዬው እያሾፈ መሆኑ እኩለ ሌሊት ላይ ዶርም ውስጥ ለብቻው ለሚያነብ ሰው አይታየውም። ተራኪው ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነው ብሎ ሲፈርድ ግን ከባዮሎጂ ክፍል የመጣ ተማሪ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። አማርኛ ተናጋሪ ዝም ቢል ይሻለዋል፤ እኛም ስሙን የጀመርነው «ዓሣ» ብለን ነው።

135ኛውን ምዕራፍ ጨርሶ ማሳረጊያዋን የዘለለ ተማሪ «መርከበኞቹ ሁሉ ከሰጠሙ ማን ተርፎ ነው የሚያወራው?» ብሎ ይጠይቃል። አይፈረድበትም። በ1851 ለንደን ላይ የወጣው እትም ማሳረጊያዋ ቀርታበት ስለነበር የዚያን ጊዜ ሐያሲዎችም መጽሐፉን በዚሁ ነቅፈውታል።

የሆውቶርን «ቀዩ ፊደል» ችግር ደግሞ መግቢያው ነው። እሑድ ማታ መጽሐፉን የሚከፍት ተማሪ (ሁሉም የሚከፍተው እሑድ ማታ ነው) ዝሙትና ቅሌት ጠብቆ ስለ ጉምሩክ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ረጅም ሐተታ ያገኛል። አዎ፣ እንደገና ጉምሩክ። ሆውቶርን ሴለም ወደብ ላይ ተሹሞ ሳለ በ1848ቱ ምርጫ ፓርቲው ተሸነፈ፤ በ1849 ከወንበሩ ተነሣ። መግቢያው የተሻረ ሹም ብሶት ነው። ለእኛ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም፤ የ19 ዓመቱ ልጅ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ስልኩን ያነሣል። ስለዚህ ከምዕራፍ አንድ፣ ከእስር ቤቱ በር እንዲጀምር ማዘዝ ነው፤ በጣም አጭር ነው፣ ሳያስበው ያልፈዋል። መግቢያው በመጨረሻ ይነበባል። ይህ ካልተደረገ ልጁ ወደ 1995ቱ ፊልም ይሄዳል። በመጽሐፉ የባለታሪኳ ፍቅረኛ የሆነው ቄስ አደባባይ ላይ ይሞታል፤ በፊልሙ ፍቅረኞቹ አብረው ይሄዳሉ። ፈተና ላይ «በሰላም አብረው ኖሩ» የሚል መልስ የመጣ እንደሆነ ምንጩን ፍለጋ መድከም የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የእትም ጣጣ ነው። ኤሚሊ ዲክንሰን 1,800 ገደማ ግጥም ጽፋ በሕይወቷ የታተመላት ከደርዘን ያነሰ ነው። ከሞተች በኋላ በ1890 ያሳተሙላት ሰዎች ርዕስ ጨመሩላት፣ ቤት መምቻዋን አቃኑ፣ የምትወዳቸውን ረጃጅም ሰረዞች ለቃቀሙ። ግጥሞቹ በሙሉ እንደጻፈቻቸው የወጡት በ1955 ነው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘው፣ የቅጂ መብቱ ስላለፈበት፣ ያ የተበጠረው ነው። ስለ ሰረዙ ምሥጢር 40 ደቂቃ ውይይት ከተደረገ በኋላ ከኋላ ወንበር «የቱ ሰረዝ?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ዊትማንም እንዲሁ ነው። በ1855 ያወጣው «የሣር ቅጠሎች» 12 ግጥም ብቻ ነበረው፣ የየራሳቸው ርዕስም አልነበራቸውም፤ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሲጨምርበት ኖረና መጨረሻ ላይ 400 ገደማ ደረሰ። የ1855ቱን ለገዛ ተማሪ «የራሴ መዝሙር የሚለውን አንብብ» ማለት የሌለ ሰው ቤት መላክ ነው፤ ያ ርዕስ የመጣው በ1881 ነው። ኮርስ አውትላይኑ ላይ የእትሙ ዓመት በጥቁር ካልሰፈረ ሁለት ክፍለ ጊዜ ገጽ በመፈላለግ ያልቃል። በነገራችን ላይ ይኸው ሰው «ኢትዮጵያ ለሰንደቁ ሰላምታ ስትሰጥ» የሚል ግጥም አለው። ርዕሱን ያየ የሐበሻ ልጅ ደረቱን ይነፋል፤ ሲያነብ የሚያገኛት ግን በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ካሮላይና ውስጥ መንገድ ዳር የቆመች፣ በልጅነቷ በባሪያ ነጋዴዎች ተይዛ የመጣች አሮጊት ናት። «ኢትዮጵያ» ያኔ የጥቁር ሁሉ ስም ነበር። የራስ ጥምጣሟ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ መሆኑ ግን ያስደነግጣል።

ክዊዝ በየሳምንቱ፦ አምስት ጥያቄ፣ አሥር ደቂቃ፣ በእስክሪብቶ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ። «የመጽሐፉ ዋና መልእክት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ነጥብ መስጠት ነው። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ቶሮ ጫካ ውስጥ በሠራው ጎጆ ስለ ኖረበት ጊዜ በጻፈው «ዋልደን» ውስጥ የጎጆውን ወጪ እስከ ግማሽ ሳንቲም ቆጥሯል፤ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል። ከኖራው ጎን «ይህ ውድ ነበር» ብሎ ጽፏል። «ኖራው ረከሰበት ወይስ ተወደደበት?» የምትል ጥያቄ አንባቢውን ከቸካዩ በአንድ አፍታ ትለያለች።

የሀሪየት ጄኮብስ ሳምንት ሲደርስ ክዊዝ አያስፈልግም። ከባርነት አምልጣ ሰባት ዓመት ያህል የተደበቀችበት ቆጥ በመጽሐፏ እንደሰፈረው ርዝመቱ ዘጠኝ ጫማ፣ ወርዱ ሰባት፣ ከፍታው ቢበዛ ሦስት ጫማ ነው፤ 2.7 ሜትር በ2.1፣ ከፍታው 90 ሳንቲ ሜትር። ፕላስተር ይዞ መጥቶ ልኩን ወለሉ ላይ ማስመርና አንድ ወንበር መሐሉ ላይ ማቆም ነው። የወንበሩ መደገፊያ ከጣሪያው ጋር ሲተካከል ክፍሉ ራሱ ጸጥ ይላል።

የሜልቪል «ባርትልቢ» ለመጨረሻ ይቀመጣል፤ አጭር ነው፣ ተማሪም ደክሟል። አለቃው ሥራ ባዘዘው ቁጥር «ባልሠራው እመርጣለሁ» የሚለውን የዎል ስትሪት ጸሐፊ ለማስረዳት ብዙ ልፋት የለም፤ ክፍሉ ከሚዱ ጀምሮ ሲለማመደው የከረመ ነገር ነው።

ከዚያ ተማሪው መምህሩን የሚገመግምበት ቅጽ ይመጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ንባቡ በጣም በዛ» ተብሎ ተሞልቷል። አምስተኛው ላይ ደግሞ፣ በዚያው ቅጽ፣ «ማርክ ትዌይን ለምን ቀረ?»