ክርክር፦ ለብዙዎች ሲባል አንድ ታማሚ ይተዋል?

ጥያቄው ይህ ነው። የአንድ ድሃ አገር የጤና በጀት ትንሽ ነው። በዚህ ገንዘብ ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመ ሰዎች እጥበት በነፃ ይስጥ? ወይስ ገንዘቡን ክትባትና እናቶች ላይ አውሎ ብዙ ሕይወት ያትርፍ? ዩቲሊቴሪያኒዝም የሚባለው የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ትክክለኛው ሥራ ለብዙ ሰው ብዙ ደህንነት የሚያስገኘው ነው ይላል። ከሁለቱ ተከራካሪዎች ደጋፊው በጤና ዕቅድ ላይ ይሠራል፤ ተቃዋሚዋ ፍልስፍና ታስተምራለች። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊው፦

በግልጽ ልናገር። መቁጠር ግዴታ ነው። የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ድርጊት ልክ መሆኑን የሚመዝነው በሚያመጣው ደስታና ሥቃይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ልብ የሌለው ሒሳብ ይመስለዋል። ግን የሒሳቡን መነሻ ተመልከቱ፤ የመኳንንቱ ልጅም የአገልጋዩ ልጅም እኩል አንድ አንድ ሆነው ነው የሚቆጠሩት። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬም ቀላል አይደለም።

ወደ እኛ እንምጣ። በ1990 ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን አያዩም ነበር። በ2013 ይህ ቁጥር በሁለት ሦስተኛ መቀነሱ ተነገረ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱና ትልቁ ግን በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እየሠለጠኑ ተመደቡ፣ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናት አስከተቡ፣ መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ ነፍሰ ጡሮችን ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። ያ ገንዘብ ከተማ ውስጥ ውድ ማሽን መግዛት ይችል ነበር። አልገዛም። ትክክል ነበር እላለሁ።

እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ነገር ነው። ንቅለ ተከላ ካልተገኘ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ቤተሰቡ እጥበት ላይ ያለበት ሰው ይህን ሲያነብ እንደሚያመው አውቃለሁ። ነገር ግን ለኩላሊት ታማሚው ዘመዶቹ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ይለምኑለታል፣ ውጭ ያለው ወገን ጎፈንድሚ ይከፍትለታል። ገጠር ውስጥ በኩፍኝ ለሚሞት ልጅ ማን ለመነ? ለእሱ የሚናገርለት ሒሳቡ ብቻ ነው።

ተቃዋሚዋ፦

ወንድሜ፣ ክትባቱን አልተቃወምኩም። የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹን አከብራለሁ። የምቃወመው “ቁጥሩ ከበለጠ ጉዳዩ አለቀ” የሚለውን ነው። ይህ ሒሳብ የት እንደሚያደርስ ደግሞ አይተናል።

አሜሪካ፣ ሲያትል። በ1960 ቤልዲንግ ስክሪብነር የሚባል ሐኪም እጥበትን ደጋግሞ ለመሥራት የሚያስችል ቱቦ ሠራ። በ1962 የእጥበት ማዕከል ተከፈተ። ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ። ስለዚህ ሰባት ሰዎች ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፦ ጠበቃ፣ የሃይማኖት አገልጋይ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ ቀዶ ሐኪም። ማን ይዳን ብለው ሲመርጡ ዕድሜ አዩ፣ ትዳር አዩ፣ ገቢ አዩ፣ ትምህርት አዩ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ሳይቀር አዩ። ጥያቄያቸው “ለኅብረተሰቡ የሚጠቅመው የቱ ነው?” የሚል ነበር። ያንተም ጥያቄ ይኸው ነው። ብቻውን የሚኖር፣ ሥራ የሌለው፣ ማንም የማያውቀው ሰው በዚህ ሚዛን ምን ያህል ይመዝናል?

ደጋፊው፦

እህቴ፣ የሲያትሉ ኮሚቴ ያደረገው ነገር አሳፋሪ ነው። ግን ለእኔ ወገን አታስቆጥሪው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሥቃይ ከማይሄደው ይበልጣል ያለው ዩቲሊቴሪያኒዝም አይደለም። እነሱ ራሳቸውን የሚመስል ሰው ፈለጉ።

ቀጥሎ የሆነውንም ጨምሪበት። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1972 መንግሥት እጥበትን እንዲሸፍን ሕግ አወጣ። ጥሩ። ነገር ግን እነዚያ ታማሚዎች ሜዲኬር ከሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ተጠቃሚዎች 1 በመቶ ገደማ ሆነው ከወጪው 7 በመቶ ገደማ ሲወስዱ ቆይተዋል። አሜሪካ ትችለዋለች። ብሪታንያ እንኳ በ1999 ሕክምናዎች ወጪያቸውን ያወጡ እንደሆነ የሚመዝን ናይስ የሚባል ተቋም አቋቁማ፣ ለአንድ ተጨማሪ ጤናማ የሕይወት ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ የሚል ወሰን ይዛ ለረጅም ዓመታት ስትወስን ኖራለች። ሀብታሙ የሚቆጥረውን ድሃው እንዴት አይቆጥርም?

ተቃዋሚዋ፦

ቁጠሩ። ድምሩ ግን ብቻውን ፈራጅ አይሁን። ይህን ያልኩበትን ምክንያት በአሜሪካዋ ኦሪገን ላሳይህ፤ ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ እሱ ነው።

የኦሪገን ክፍለ ግዛት በ1987 ለድሆች ይከፍል ከነበረው የንቅለ ተከላ ወጪ አብዛኛውን አቆመ። ገንዘቡ ለብዙ ነፍሰ ጡሮች ክትትል ይዋል ተባለ። ያንተው ሐሳብ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የደም ካንሰር ያለበት የ7 ዓመት ልጅ ቤተሰቡ ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ገንዘብ እየለመነ ሳለ ሞተ። ከዚያ ባለሥልጣናቱ ሁሉንም ሕክምና በወጪና በጥቅም አሰልተው በ1990 አንድ ረጅም ዝርዝር አወጡ። ዝርዝሩ ላይ ጥርስ መሸፈን (የተጎዳ ጥርስ ላይ ክዳን ማድረግ) ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በላይ ተቀመጠ! ጥርስ መሸፈን ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠቅማል፣ ትንንሹ ጥቅም ሲደመር ሲደመር የአንድን ሰው ሕይወት በለጠ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሺህ ሰው ትንሽ ትንሽ ጥርሱን ሲያመው፣ የሺህ ሰው ሕመም የሚሰማው አንድ ሰው የትም የለም። እያንዳንዱ የሚያመው የራሱን ብቻ ነው። በትርፍ አንጀት የሚሞተው ግን ሁሉንም ነገር ያጣል። ፈላስፋው ጆን ሮልስ በ1971 ይህ አስተሳሰብ የሰዎችን የተለያየ መሆን ከቁም ነገር አይቆጥርም ያለው ለዚህ ነው። የብዙ ሰውን ኑሮ እንደ አንድ ሰው ኪስ ያየዋል፤ ከዚህኛው አውጥቶ እዚያኛው መክተት።

ደጋፊው፦

የጥርሱ ነገር ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። ኦሪገንም ያንን ዝርዝር ጥሎ እንደገና ሠራ፣ ዕቅዱ በ1994 ሥራ የጀመረው ተስተካክሎ ነው። ትንሽ ሕመም ተደምሮ ሞትን አይብለጥ ካልሽኝ እቀበላለሁ። ግን የእኛ ክርክር ጥርስና ሕይወት አይደለም። ሕይወትና ሕይወት ነው። በኩፍኝ የሚሞተውም ልጅ ሁሉንም ነገር ያጣል። ያውም የሚያጣው 60 ዓመት ነው።

“ታማሚው ፊታችን ነው” ትይኝ ይሆናል። ልጁም የሆነ ሰው ፊት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስሙ ታውቀዋለች። ሩቅ የሆነው አዲስ አበባ ተቀምጦ በጀት ለሚያጸድቀው ነው።

ተቃዋሚዋ፦

ይህን ነጥብህን እቀበላለሁ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። አሁን አንድ ነገር መልስልኝ። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባው ገንዘብ አጥሮት ሁለቴ የሚታጠብ፣ ትንፋሽ እያጠረው ደረጃ የሚወጣ ሰው “እኔስ?” ቢልህ ምን ትለዋለህ?

ደጋፊው፦

እውነቱን እነግረዋለሁ። ከልጁ አታንስም፣ ገንዘቡ ግን ለሁለታችሁ አይበቃም እለዋለሁ። ግፊትና ስኳር በየቀበሌው በጊዜ እንዲለካም እሟገታለሁ፤ ኩላሊት በብዛት የሚጎዳው በእነሱ ነውና።

ተቃዋሚዋ፦

ለነገው ታማሚ ጥሩ ነው። የዛሬውን ግን ከልጁ አታንስም ካልከው ምንም ዕድል ሳትሰጠው እንዴት ትሸኘዋለህ? ጆን ቶሬክ የሚባል ፈላስፋ በ1977 ሁሉንም ማዳን ካልተቻለ የሰው ብዛት ብቻውን አይወስን፣ ለእያንዳንዱ እኩል ዕድል እንስጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ከበጀቱ ትንሽ ድርሻ ለእጥበት ይመደብ፣ ማሽኑ ካነሰ በታማሚዎቹ መካከል ዕጣ ይውጣ። እኛ ዕጣ እናውቃለን፤ የወጣለትም ያልወጣለትም ተንቄያለሁ አይልም። ያንተ አስተሳሰብ ግን ያቺን ትንሽ ድርሻ እንኳ ብክነት ይላታል።

ደጋፊው፦

አዎ፣ ይላታል። እኔም እላታለሁ። ያቺ ድርሻ ከክትባቱ ላይ ነው የምትነሳው፤ በእሷ ምክንያት ሳይከተቡ የሚቀሩትን ልጆች ደግሞ ዕጣው ውስጥ አላስገባሻቸውም።