የተነሳው ቆሻሻ ከተጣለው በለጠ

ቆሻሻ የሚነሳው በአካፋ ይመስለን ነበር። ማዘጋጃ ቤቶቻችን ይባረኩና፣ በማባዛትም እንደሚነሳ አሳይተውናል።

8 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ገንዳ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ 10 ጊዜ ይመላለሳል። መዝጋቢው 10 ምልልስ ይጽፋል። 10 በ8፣ 80 ሜትር ኪዩብ፤ አንዱ ሜትር ኪዩብ 300 ኪሎ ተብሎ ሲታሰብ 24 ቶን። መኪናው ላይ የነበረው 12 ነው፤ የቀረውን 12 ቶን ኤክሴል ያለ ነዳጅና ያለ ሾፌር አንስቶታል። የመኪና ሚዛን ቢተከል ይህ ሁሉ በረከት ይተን ነበርና «በግዥ ሂደት ላይ» መሆኑ ደግ ነው። 300 ራሷም የተመሰገነች ቁጥር ናት፤ የጥር ደረቅ ካርቶንና የነሐሴ ዝናብ የጠጣ የበቆሎ ቆረቆንዳ እሷ ዘንድ እኩል ይመዝናሉ።

አፈጻጸሙ በመቶኛ እንዲወጣ ይህ ቶን ለሚመነጨው ቆሻሻ ይካፈላል፤ ማለትም የነዋሪው ብዛት አንድ ሰው በቀን ይጥላል በሚባለው ቆሻሻ ተባዝቶ ለሚገኘው። ነዋሪው ከ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳለ ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ቆሻሻ አይጥልማ! ላዩ ሲያብጥ፣ ታቹ ባለበት ሲቀር፣ 104 በመቶ። ሕዝቡ ገና ያልጣለው ሳይቀር ተነስቷል።

ሕጉም ቸር ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 (የቆጠራው እኩያ ነው) ክልሎችና ከተሞች በራሳቸው የጊዜ ሰሌዳ ዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርት እንዲያዘጋጁ ይላል። በራሳቸው! ስለዚህ ዕቅዱ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ይጻፋል፤ እንዲህ ካልሆነ እንዴት ይገጥማል? ነዋሪው በዕቅዱ ይሳተፍ የተባለውም አልተዘነጋም፤ ለችግኝ ተከላ የተፈረመው የስም ዝርዝር አናቱ ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ይደረግና አባሪ 3 ይሆናል።

«ያጋጠሙ ችግሮች» ሥር የተሽከርካሪ እጥረት ይሰፍራል። «የተወሰደ መፍትሔ»፦ በቀጣይ ትኩረት ይሰጠዋል።

የጽዳት ክፍሉ አንድ ተጨማሪ ገንዳ ጫኝ መኪና ሲጠይቅ፣ ፋይናንስ ሪፖርቱን ገልጦ 104 ላይ ጣቱን ያሳርፋል። «ከሚፈለገው በላይ እያነሳችሁ መኪናው ለምን?» ከበሩ ውጭ ያለው ገንዳ ሞልቶ ፈሶ፣ ውሻ ፌስታሉን እስከ አስፋልቱ ይጎትታል።

የዘንድሮው ዕቅድ 105 ነው።