ውሻ ማንሸራሸር ያሳፈራችሁ ወገኖቼ

አሜሪካ መጥታችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የከተማችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ጠብ አለኝ። የጠቡ ምክንያት ውሻ ነው። ሳቁ፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ስሙኝ።

በየቡናው ላይ የምሰማው ወሬ ይኸው ነው። «የእነ እገሌ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሼልተር፣ ባለቤት ያጡ ውሾች መጠለያ፣ እየሄደች ውሻ ታንሸራሽራለች አሉ።» «በስንት?» «በነጻ!» ከዚያ አንዷ ጭንቅላቷን ይዛ «እናቷ ሁለት ሥራ እየሠራች ያሳደገቻት ለዚህ ነው?» ትላለች። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል። ልጅቷ ሱስ ገባች ቢባል እንኳ ከዚህ በላይ የሚመጠጥ ከንፈር አይገኝም ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ምኑ ነው ያሳፈራችሁ? ነጻው ነው ወይስ ውሻው?

ነጻው ከሆነ፣ ይሄ ከእኛ አይጠበቅም። ለቅሶ ቤት ወንበር ስንደረድር፣ ለሠርግ ሌሊቱን ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ለእድር ስንላላክ ማን ከፍሎን ያውቃል? ነጻ ሥራን ከማንም በላይ የምናውቅ ሰዎች ነን። ግን እውነቱን እንነጋገር። ያ ሁሉ ለምናውቀው ሰው ነው። ዛሬ ለቅሶው ደረስን፣ ነገ ለቅሷችን ይደርሳል። ብድር የማይመልስ ነገር ላይ ስንደርስ እጃችን ያጥራል።

ውሻው ከሆነ ደግሞ ባሰ። እሱ ብድሩን አስቀድሞ ከፍሎናል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ በብረት በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለውን ጽሑፍ እያነበበ ነው ያደገው። ያ ኃይለኛ ውሻ እንዴት ይኖር እንደነበር ደግሞ ታውቃላችሁ። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ለምን ይታሰራል? ቀን ካልታሰረ ማታ ኃይለኛ አይሆንም ስለሚባል። ሰንሰለቱ አንገቱን ልጦት ዝንብ ይወረዋል። ውኃ ካስታወሱት በተቆረጠ ጄሪካን ይሰጠዋል። ምግቡ የተረፈ እንጀራ ነው፤ እሱም ከተረፈ። ከአጥሩ ወጥቶ መንገድ ያየበት ቀን የለም። እኛ ግን እሱ እየጮኸ ለጥ ብለን ተኝተናል። ሌባ ሲመጣ ጎሽ ቡቺ፣ ሲያረጅ ደግሞ ርቆ የሚጣልበት ቦታ ይፈለግለታል። እንግዲህ በዚህ ላይ የዚያን እንስሳ ገመድ አንድ ሰዓት መያዝ ክብር ይነካል ስትሉ ከየት የመጣ ክብር እንደሆነ ንገሩኝ።

ፍርሃት ከሆነ ግን አልፈርድባችሁም። የእብድ ውሻ በሽታ አገር ቤት ተረት አይደለም። ውሻ ነክሶት ፓስተር የተመላለሰ ዘመድ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ መፍራታችሁ ልክ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የበሽታው ዝርያ ከአሜሪካ መጥፋቱ የታወጀው በ2007 ነው። የሌሊት ወፍና ራኩን ላይ አሁንም አለ፤ ስለዚህ ውሻ ሁሉ ይከተባል። ልጃችሁ የምትይዘው ውሻ በሐኪም የታየና የተከተበ ነው። ይልቅ አገር ቤት ያለው የእናታችሁ ውሻ ተከትቦ እንደሆነ ዛሬ ደውላችሁ ጠይቁ።

«ውሻ ርኩስ ነው» የምትሉም አላችሁ። ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ እሺ። ማን አስገቡት አላችሁ? የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ግን ውሾች ነበሩ፤ ባለጠጋው ዞር ብሎም አላየው። ሙስሊም ወገኖቼም ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ አጠጥቶ ምሕረት ስላገኘው ሰው ከልጅነታችሁ ሰምታችኋል። ልብስም ይታጠባል፣ እጅም ይታጠባል። አለቀ።

ብዙዎቻችሁ ሼልተር ገብታችሁ ስለማታውቁ ላሳያችሁ። ግራና ቀኝ በፍርግርግ የተዘጉ ክፍሎች ናቸው። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል፣ ጆሮ አይችለውም። በየበሩ ካርድ ተሰቅሏል፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ጠባዩ። ብዙ ቦታ በቀለም ይለዩአቸዋል። የዋሁ ለጀማሪ፣ ጉልበተኛው ለለመደ፣ ነገረኛው ለሠራተኛ ብቻ። ጥጃ የሚያህል ውሻ አምጥተው ለልጃችሁ አያስይዟትም፤ አትስጉ። መጀመሪያ ቁጭ አድርገው ያስተምሯታል። ዓይን ዓይኑን አትዪው። ከላይ ሆነሽ አትጎንበሽበት። ከፈራ ጎንሽን ሰጥተሽ ቁጭ በይ፣ ራሱ ይመጣል።

አብዛኛው ውሻ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ስለዚህ ሽንቱን ይዞ ሰው ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት ወደ ሣሩ እየጎተተ ይወስዳችኋል። እግሩን ያነሳል። ትጠብቃላችሁ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ታያላችሁ፣ ትመልሳላችሁ፣ እሱ አሁንም አልጨረሰም። ማሽተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ግንድ ሥር ቆሞ አልሄድም ቢል አትጎትቱት። ለእሱ መንሸራሸር ማለት ማሽተት ነው፤ እግር ማፍታታቱ ለእናንተ ነው።

ሳይወጣ የሚከርም ውሻ ይበላሻል። ባለበት ይሽከረከራል፣ በሩን ይቧጥጣል፣ ወይ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ውሻ ሊወስድ የመጣ ቤተሰብ ደግሞ የሚቧጥጠውንም የሚንቀጠቀጠውንም አልፎ ይሄዳል። ኪራይ በጨመረና አፓርትመንቱ ትልቅ ውሻ አልፈቅድም ባለ ቁጥር አዲስ ይመጣል። ቦታ ይጠባል። በዚህ አገር በዓመት ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ውሾችና ድመቶች መጠለያ ይገባሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት በመርፌ ይገደላሉ። በ2023 የቨርጂኒያ ቴክና የአሪዞና ስቴት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ከመጠለያው ወጣ ብለው ከሰው ጋር ጥቂት ሰዓት ያሳለፉ ውሾች ወሳጅ የማግኘት ዕድላቸው ካልወጡት አምስት እጥፍ ያህል ነበር። አያችሁ፣ «ውሻ ይዛ ስትዞር ዋለች» ያላችኋት ልጅ እየሠራች ያለችው ምን እንደሆነ?

ስትመለስም ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ትጽፋለች። «መኪና ይወዳል። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ይፈራል።» ያችን ጽሑፍ አንብቦ ነው አንዱ ሰው ይሄ ለእኔ ይሆናል የሚለው።

አሁን ወደ ዋናው ወቀሳዬ ልምጣ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት አለበት። ልጆቻችሁን ስታስተምሩ ይሄን ታውቃላችሁ። ግን አንዳንዶቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መመረቂያው ሲደርስ የምታውቁት ሰው ዘንድ ሄዳችሁ «እባክህ እቺን ፈርምልኝ» ትላላችሁ። ልጁ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የዋለበት ሰዓት አገልግሎት ተብሎ ይፈረማል። ይሄ ሌብነት ነው። ልጁ ደግሞ ያያል። በጎ ሥራ ማለት ፊርማ እንደሆነ፣ ፊርማም በትውውቅ እንደሚገኝ ከእናንተ ተማረ። ሸሽተን የመጣነውን ነገር ሳሎናችን ውስጥ ተከልነው ማለት ነው። በዚህ የማያፍር ሰው ውሻ በማንሸራሸር ሲያፍር ሳይ ደሜ ይፈላል።

«ሥራ ይበዛብናል» እንዳትሉኝ። ሌሊት ኡበር የሚነዳ፣ በሁለት ፈረቃ ነርሲንግ ሆም የሚሠራ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱን አልተናገርኩም። እኔ የምላችሁ ቅዳሜ ከሰዓቱን ሙሉ ካፌ ተቀምጣችሁ ፖለቲካ የምታንቦራጭቁትን ነው። ከዚያ ላይ አንዲት ሰዓት ብትነሳ መንግሥት አይወድቅም፤ ተቀምጣችሁም አልወደቀም።

ደንቡ እንደየቦታው ይለያያል። ውሻ ለመያዝ የዕድሜ ገደብ ያለበት አለ። ብዙ ቦታም ልጁ ትንሽ ከሆነ ወላጅ አብሮት እንዲሆን ይጠይቃሉ። ገባችሁ አይደል? ልጃችሁ «አባዬ እንሂድ» እያለ የሚለምናችሁ ለዚህ ነው። ያለ እናንተ አያስገቡትም። እምቢ ስትሉት በሩን የዘጋችሁበት እናንተ ናችሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንጎመሪ ካውንቲ መጠለያ ዴርዉድ ነው፣ ከ2014 ጀምሮ። የአሌክሳንድሪያው አይዘንሃወር ጎዳና ላይ ነው። ፎርሙ ኦንላይን ይሞላል። ኦሪየንቴሽን ይሰጣል። ጭቃ የማይፈራ ጫማ አድርጉ፣ ነጠላችሁን ቤት ተዉት፣ ወርቃችሁንም። አንድ ነገር ግን አደራ። የእኛ ሴት ካልመገበች እጇ አያርፍም፤ አውቃለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። እናም ከትናንት የተረፈ ጥብስ ይዛችሁ ከሆነ መኪና ውስጥ ተዉት፤ ስትመለሱ ራሳችሁ ትበሉታላችሁ።